የማይሸጠውን ስለ መግዛት

የሰው ልጅ ከአፈር ተበጅቶ ወደ አፈር እንደሚመለስ መምህራን ሲያስተምሩን አድገናል፤ ነገር ግን ከአፈር ከተነሣበት ዕለት አንሥቶ ወደ አፈር እስኪገባ ድረስ ያለውን ዘመን በየትኛው አፈር ላይ ቆሞ፣ በማንስ አፈር ላይ ተኝቶ እንደሚያሳልፈው የነገረን መምህር የለም። መነሻው በጸጋ፣ መድረሻውም በጸጋ ሆኖ ሳለ፣ መካከሉ ብቻ በካሬ እየተለካ ዋጋ የሚቆረጥለት መሆኑን የተረዳነው ለጎጆ መሥሪያ የምትሆን ቦታ ስንፈልግ በአዲስ አበባ ዙሪያ መንከራተት በጀመርን ጊዜ ነው። (መድረሻውም ቢሆን በአንዳንድ ደብር ግቢ እንደ ቀድሞው በጸጋ ብቻ አይገኝም የሚሉ አሉ፤ እሱን ግን በሕይወት ሳለን ባናነሣው ይሻላል።)

ለፍለጋው ያነሣሣን የተከራይነት ኑሮ ነው። ይህ ኑሮ ትሕትናንና አርምሞን አጥብቆ የሚያስተምር ስለሆነ፣ እኔና ባለቤቴ ከጉልምስና እስከ ሽምግልና ስንማረው ኖረን ገና አልተመረቅንም። አከራያችን በግድግዳቸው ላይ ምስማር መምታትን ይከለክላሉ፤ ስለዚህም የተክሊላችን ዕለት የተነሣነው ፎቶግራፍ ከነመስታወቱ ቁም ሣጥን ላይ በጀርባው ተኝቶ ጣራ ጣራ ሲያይ ዘመኑን ፈጀ። ልብስ የሚታጠብበት ቀን በአከራይ ቀኖና የተወሰነ ነው፤ እንግዳም የሚመጣብን እንደሆነ ቁጥሩና የሚቆይበት ሰዓት ስለ ውኃው ሲባል አስቀድሞ ይገለጻል። ኪራዩ ሲጨመር የሚሰጠን ምክንያት «ኑሮው እኮ ተወደደ» የሚል ሲሆን፣ ኑሮው በእኛ ላይ ብቻ የረከሰ ይመስል አንገታችንን ደፍተን «እውነት ነው፤ ተወደደ» እንላለን። እንዲህ ስንኖር ሳለ እኔ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ተሰናበትሁ፤ በዳላስ የምትኖረው ልጃችንም ደውላ «አባዬ፣ ተከራይቶ መኖሩ ይብቃችሁና መሬት ግዙ፤ የጎደለውን እኔ እልካለሁ» አለችን። የቤቴ እመቤት ይህን በሰማች ጊዜ የአከራዩን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ «የራሴ ግድግዳ የቆመ ዕለት አንድ ኪሎ ምስማር ነው የምመታበት» አለች።

ልጃችን ከዳላስ ሆና መሬት ግዙ ትበል እንጂ፣ በአገራችን ሕግ መሬት የሚባለው ነገር አይሸጥም፣ አይለወጥም። የገጠሩ መሬት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የከተማው ደግሞ በዚያው ዓመት በሐምሌ 19 ቀን በታወጁት አዋጆች ከባለርስቶች እጅ ወጥቶ የመንግሥትና የሕዝብ ሆነ፤ ከጋራ እስከ ጋራ የእኔ ነው ይል የነበረው የከተማ ባለመሬትም ለመኖሪያው ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ብቻ አስቀርቶ፣ ከአንድ መኖሪያ በላይ የነበረው ቤቱ ሁሉ ትርፍ ቤት ተብሎ በቀበሌና በኪራይ ቤቶች መዝገብ ላይ ሰፈረ። ከዚያ ወዲህ ዘመን አልፎ ዘመን ተተካ፤ የ1987ቱም ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ አጸናው። እኔ ሕግ አክባሪ ሰው ስለሆንሁ በዚህ ላይ የምጨምረው ነገር የለኝም፤ የሚደንቀኝ ይልቁን ይህን አንቀጽ ከእኔ አብልጦ በቃሉ የሚያውቀው፣ ከማለዳ እስከ ምሽት መሬት ሲያሻሽጥ የሚውለው ደላላ መሆኑ ነው።

የነገሩ ምስጢር እንዲህ ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፤ በላዩ ያለው ቤት ግን ሰው በላቡና በንዋዩ ያቆመው ስለሆነ ይሸጣል። እንግዲህ በዚህች ከተማ የሚሸጠው ሁሉ ቤት ነው ማለት ነው። ባዶ ቦታ የያዘ ሰው መሸጥ የፈለገ እንደሆነ ጥቂት ቋሚ ያቆማል፣ ማገር ያዋቅራል፣ ጭቃ ይመርጋል፣ ከየትም ያመጣውን አሮጌ ቆርቆሮ ይደፋበታል፤ ቤትም ሆነ። ቸኩሎ በአንዲት ሌሊት የሚሠራ እንደሆነ ደግሞ ሕዝቡ ጨረቃ ቤት ይለዋል፤ ይህ ግን ከተሠራበት ሌሊት ጀምሮ ወደ ፈራሽነት የሚሄድ ስለሆነ እኛ አልቀረብነውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ስለሚያዝ፣ ሻጭና ገዥ ምስክሮቻቸውን አስከትለው ወደ ሹሙ ዘንድ ይቀርባሉ፤ በዚያም የሚነበበው ውል ስለ አንዲት ባለ አንድ ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ስላላት ቤት በፍቅር ይተርካል። ይህን ውል የሩቅ አገር ሰው አግኝቶ ቢያነበው፣ ኢትዮጵያውያን ለጭቃ ቤት ያላቸውን ፍቅር አድንቆ አይጠግብም፤ ክረምት በገባ ቁጥር ባለቤቶቿ ጣራው የሚያፈሰውን በድስትና በባልዲ ሲቀበሉባት የኖሩባት ክፍል በሚሊዮን ብር ስትሸጥ፣ ገዥዋም ቁልፏን በተረከበ በሳምንቱ ቁልፉን ጥሎ በዶማ ሲንዳት ያያልና። ሊቃውንት ሥጋ ያለ ነፍስ በድን ነው ይላሉ፤ በእኛ ከተማ ግን ዋጋው ሁሉ የነፍሲቱ ሆኖ ሳለ በውሉ ላይ ስሟ አይጠራም፤ የሚጠራው በድኑ ነው። ሻጩ ይህን ያውቃል፤ ገዥው ያውቃል፤ ምስክሮቹ ያውቃሉ፤ ውሉን የሚመዘግቡትም ባለሙያ እንደሚያውቁ ከዓይናቸው ይታወቃል፤ ነገር ግን አንድም ሰው አይስቅም። እኔ በሕይወቴ ብዙ ተውኔት አይቻለሁ፤ ተዋንያኑ እንዲህ ተጠንቅቀው የሚጫወቱት ግን አላየሁም።

በፊት ለፊት በር መግባት ለሚወድ ሰው ሊዝ የሚባለው መንገድ ተከፍቶለታል። በዚህኛው መንገድ መንግሥት ቦታውን በጨረታ፣ ለመኖሪያ የሚሆነውን በ99 ዓመት ውል ይሰጣል። 99 ዓመት ለአንድ ነፍስ ከበቂ በላይ ነው የሚል ሰው ቢኖር ማቱሳላን ያስታውስ፤ 969 ዓመት የኖረው ያ አባት በተወለደ ዕለት በሊዝ ተመርቶ ቢሆን ኖሮ 9 ውል ጨርሶ በ10ኛው ላይ ሳለ ባረፈ ነበር። ቅድሚያ ክፍያው ከጠቅላላው ዋጋ ከ10 በመቶ አያንስም፤ የቀረው ከነወለዱ በየዓመቱ ይከፈላል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ጨረታ ማለት ከእኔ የበለጠ ገንዘብ ያለው ሰው ማን እንደሆነ በታሸገ ኤንቬሎፕ የሚታወቅበት ሥርዓት ስለሆነ፣ እኔ መልሱን ኤንቬሎፕ ሳይከፈት አውቀዋለሁ። አሸናፊዎቹ የተለጠፉበትን ሰሌዳ መነጽሬን አድርጌ ሳነብ፣ ለአንዲት ካሬ ሜትር የቀረበው ዋጋ የብዙ ወራት ጡረታዬን የሚውጥ ሆኖ አገኘሁት፤ በዚህ ስሌት ያጠራቀምሁት ገንዘብ ቆሜ ለማደር እንጂ ተኝቼ ለማደር እንደማይበቃኝ ተረድቼ ሄድሁ።

በዕጣ ስለሚደርሰው የጋራ መኖሪያ ቤት ብዙ አልልም። በ1997 ዓ.ም. የተመዘገቡ ጎረቤቶች ነበሩን፤ ሲመዘገቡ አዝለውት የሄዱት ሕፃን ዛሬ ራሱ ለቤት የሚቆጥብ ጎልማሳ ሆኗል። ዕጣ የእግዚአብሔር ፈቃድ የሚገለጥበት መንገድ መሆኑን አልክድም፤ ማትያስም ሐዋርያ የሆነው በዕጣ ነው። ነገር ግን በማትያስ ጊዜ ዕጣ የወጣው በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ ነበር።

ቦታ ፍለጋ የጡረተኛ ብቻ ዕጣ ፈንታ አለመሆኑን ታሪክ ስለሚመሰክርልኝ ግን እጽናናለሁ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ከአንኮበር ተነሥተው በብዙ ሥፍራ ከሰፈሩ በኋላ ከእንጦጦ ተራራ ላይ ከተሙ፤ እንጦጦ ጠላትን ከሩቅ ለማየት የምትመች ብትሆንም ነፋሷና ብርዷ ከጠላት የሚያንስ አልነበረምና፣ እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውኃው ሜዳ ወርደው ቦታውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም.ም በዚያ ቤት ተሠርቶላቸው ሥፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። እንግዲህ የዚህችን ከተማ ቦታ አስቀድማ አይታ የመረጠች ሴት ናት ማለት ነው፤ ይህን ለባለቤቴ በነገርኋት ጊዜ ምንም አልተደነቀችም፤ «ታዲያ ወንድ ነው የሚመርጠው?» አለች። ኋላም የአካባቢው ዛፍ ተጨፍጭፎ ማገዶ በጠፋ ጊዜ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማውን ነቅለው በስተ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ለመሄድ አስበው ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር፤ ዘሩ ከአውስትራልያ የሆነው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ በቅሎ ማገዶ ባይሆን ኖሮ ዛሬ እኔ የምንከራተተው በሌላ ጋራ ላይ ነበር። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ። ንጉሠ ነገሥት እንኳ ግንባታ ከጀመሩ በኋላ ሐሳባቸውን ከለወጡ፣ የቤቴ እመቤት ደላላው ያሳየንን ቦታ ሁሉ «አልወደድሁትም» ብትል ምን ይደንቃል?

በዚያን ዘመን መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው በየተመሩበት ኮረብታ ይሰፍሩ ስለነበር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር እየተባለ እስከ ዛሬ ይጠራል፤ ለእጅ ጥበብ ሰዎችም ሠራተኛ ሰፈር ነበራቸው። ቦታ ለማግኘት የሚያስፈልገው ቦታ ያለው ጌታ ማግኘት ነበር። ዛሬ ጌታው ቀርቶ ደላላው ተተክቷል፤ ከጌታው የሚለየው ዘመቻ አለማስከተሉ ነው።

ርካሽ ቦታ የት ይገኛል ለሚለው ጥያቄ የአዲስ አበባ ሽማግሎች ከመጽሐፍ የማይገኝ መልስ አላቸው። በከተማይቱ ነባር ቤተ ሰብ ሁሉ ውስጥ፣ በቦሌ ሰፊ ቦታ በማይረባ ዋጋ ውሰድ ቢባል «ጅብ እንዲበላኝ ነው?» ብሎ እምቢ ያለ አንድ አጎት አለ። ይህ አጎት ከቤተ ሰብ ቤተ ሰብ ስሙ ይለያይ እንጂ ቃሉ አይለያይም። የአውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ሲዛወር ጅቡ ድምፁን አጥፍቶ ወደ ገርጂ አፈገፈገ፤ የገርጂን ቦታ እምቢ ያለ ደግሞ የአጎቱ ልጅ ነው። ከዚያም በኢጣልያ ሥራ ተቋራጭ ስም የምትጠራው ሲኤምሲ ተሠራች፤ ጅቡም ወደ አያትና ከአያት ወዲያ ሄደ። ስለዚህ በዚህ አገር የመሬት ዋጋ ዕውቀት ያለው ፍጡር ጅብ መሆኑን ተረድቻለሁ፤ እርሱ በሌሊት የሚጮኽበት ቦታ አሁንም በመጠኑ ይቀመሳል፤ እርሱ ከለቀቀ ግን ዋጋው ከእኛ አቅም በላይ ሆኗል ማለት ነው። ደላላ ቦታ ባሳየኝ ቁጥር አስቀድሜ የምጠይቀው «ጅብ ይመጣል?» ብዬ ነው፤ ደላላውም የፈራሁ መስሎት «ኧረ በፍጹም አባቴ!» ይለኛል፤ እኔም ዋጋውን ሳልጠይቅ እመለሳለሁ።

ጅቡን ተከትለን በአራቱ ማዕዘን ዞረናል። በሰሜን እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ አለ፤ በምሥራቅ ለገጣፎና ሰንዳፋ፤ በምዕራብ ቡራዩ፣ ከዚያም ራቅ ብሎ ሆለታ፤ በደቡብ ምዕራብ ሰበታ፤ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ገላንና ዱከም። ከነዚህ ለከተማው የሚቀርቡት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሸገር ከተማ በሚባለው ውስጥ ስለ ገቡ የሚኬድበት ጽሕፈት ቤት ተለውጧል፤ የሚጠየቀው ዋጋ ግን የጽሕፈት ቤቱን መለወጥ ምክንያት አድርጎ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ወደ ደብረ ብርሃን ውጡ፣ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ያሉንም አሉ፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ጉልበቴ ግን ሐሳቡን አልደገፈውም። ከከተማው በራቅህ መጠን የቦታው ዋጋ እየቀነሰ፣ የመመላለሻው ዋጋ እየጨመረ ይሄዳል፤ ሁለቱ የሚተካከሉበት ነጥብ የት እንደሆነ በእርሳስ ላሰላው ስሞክር ባለቤቴ እርሳሱን ተቀበለችኝ። ለእርስዋ መለኪያው ሌላ ነበር። «የዕድራችን ድንኳን የጫነ መኪና የሚገባበት ነው?» ትላለች ደላላውን፤ ደላላው ድንኳኑ ለሰርግ መስሎት «ሰፊ ነው እማዬ፣ አምስት መቶ ሰው ይይዛል» ይላል። «ለቀብሬ ነው፤ ድንኳኑ የማይደርስበት ቦታ አልሞትም፤ የማልሞትበት ቦታ ደግሞ አልኖርም።» በዚህ አነጋገር ላይ ምንም ዓይነት መልስ ያለው ደላላ እስከ ዛሬ አልገጠመንም።

ደላላችን ወጣት ነው፤ ሰው አክባሪ ነው፤ ሁለት ስልክ አለው፤ በአንዱ ለእኛ ሲያወራ በሁለተኛው ስለ እኛ ያወራል። ድካሙ 2 በመቶ ከሻጭ፣ 2 በመቶ ከገዥ ስለሆነ የሁለታችንም ወዳጅ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የዋጋው ወዳጅ ነው። ቃሉን ለመረዳት የአባቶችን የትርጓሜ ትምህርት የሚጠይቅ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ከእኔ በኋላ ለሚመጡ ቦታ ፈላጊዎች ይረዳ ዘንድ ጥቂቱን በአንድምታ ሥርዓት እዚህ አስቀምጣለሁ። «ከአስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ነው» ማለቱ፣ አንድም አስፋልቱ ከኮረብታው ላይ ሆኖ ሲያዩት ይታያል ሲል ነው፤ አንድም አስፋልት ወደ ፊት የተሠራ እንደሆነ ቦታው ከእርሱ ገባ ብሎ ይገኛል ሲል ነው። «ውኃና መብራት በቅርብ አለ» ማለቱ፣ አንድም የመብራቱ ምሰሶ ቆሟል፣ የቀረው ሽቦው ነው ሲል ነው፤ አንድም ደግ ጎረቤት አለ፣ አይነፍግም ሲል ነው። «ባለቤቱ ችግር ደርሶበት ነው እንጂ በዚህ ዋጋ አይሸጥም ነበር» ማለቱ፣ አንድም ዋጋው ይቀንሳል ሲል ነው፤ አንድም አይቀንስም ሲል ነው። «ባለቤቱ አሜሪካ ነው» ማለቱ፣ አንድም በእርግጥ አሜሪካ ነው፣ ውክልናው ያለው ከወንድሙ እጅ ነው ሲል ነው፤ አንድም ባለቤቱ ማን እንደሆነ ገና አልተጣራም ሲል ነው። «ካርታው በሂደት ላይ ነው» የሚለውን ግን ሊቃውንቱ ሁሉ ሳይለያዩ በአንድ ቃል ተርጉመውታል፤ ካርታ የለውም ማለት ነው።

በመስከረም ማለቂያ ላይ፣ መንገዱ ከጭቃነት ወደ አቧራነት በሚሸጋገርበት ሰሞን፣ ከለገጣፎ አቅጣጫ አንድ ቦታ ልናይ ሄድን። ካርታ ያለው፣ ግብር የተገበረበት፣ የአሮጊት እናት ይዞታ ነው ተብሎ ተነግሮናል። በዙሪያው የባሕር ዛፍ ችካል ተተክሎ በላዩ ዝገት የበላው ቆርቆሮ ታስሯል፤ በመካከሉ ውሉ የሚዘመርላት ባለ አንድ ክፍል ጭቃ ቤት አለች፤ ከበስተ ጓሮው ጌሾ በቅሏል። ደላላው «200 ካሬ ነው» አለና፣ ማስረጃ እንዲሆን ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ከችካል እስከ ችካል በእርምጃው ይለካ ጀመር። በቀድሞው ዘመን መሬት በቀላድ ሲለካ ገመድ ጣዩ ለወዳጁ ያረዝማል፣ ለሌላው ያሳጥራል እየተባለ ይታማ እንደነበር ሰምቼ ነበር፤ የእርምጃን ነገር ግን ያየሁት ያን ዕለት ነው። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ሰው ይራመድ የነበረው ልጅ፣ ወደ መጨረሻው ችካል በተቃረበ መጠን እርምጃው እያጠረ ሄዶ፣ ቁጥሩ ሃያ እስኪሞላ ድረስ በመጨረሻ ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ ደረሰ።

የቤቴ እመቤት ይህን ሁሉ ዝም ብላ ስታይ ቆየችና ቦርሳዋን ከፍታ የልብስ ሰፊ ሜትር አወጣች፤ ያቺ ቢጫ፣ ጫፏ በብረት የታሸገ፣ አንድ ሜትር ተኩል የምትሆነው። ነጠላዋን አደግድጋ፣ እኔን አንዱን ጫፍ አስይዛ፣ ከችካሉ ሥር ቁጢጥ ብላ ጀመረች፤ ሜትሯ ባለቀች ቁጥር በጠጠር ምልክት እያደረገች፣ የቀሚስ ወገብ የምትለካ ይመስል እየሳበች እያጠበቀች ዙሪያውን ጨረሰች። በመጨረሻ በሁለቱ ወገን የተገኘውን በደረሰኝ ጀርባ ላይ ስታባዛው 171 መጣ። ደላላው ደረሰኙን ተቀብሎ አገላበጠውና ሳያፍር፣ «እማዬ፣ ይህ እኮ ዋልካ ነው፤ አሁን የክረምቱን ውኃ ጠጥቶ ተሰብስቧል፤ በጋ ገብቶ ሲሰነጣጠቅ ይሰፋል» አለ። ዋልካ በበጋ እንደሚሰነጠቅ እውነት ነው፤ መሠረት ለሚጥል ሰው ስንት ሲሚንቶና ብረት እንደሚያስበላም ግንበኞች ያውቃሉ። ባለቤቴም ሜትሯን እየጠቀለለች፣ «እንግዲያው ስንጥቁን ለራስህ፤ እኔ የምከፍለው ላልተሰነጠቀው ነው» አለችው።

ባለይዞታዋ እማማ በር ላይ ቆመው ያዩን ነበርና «ግቡ እንጂ፣ ጭቃ ላይ ምን ያቆማችኋል» ብለው አስገቡን። ቡና ተቆላ። ስለ ልጆቻችን ጠየቁን፤ ስለ ሞቱት ልጆቻቸው ነገሩን፤ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፍ ዋጋ ተጫወትን። ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ደላላው ጉሮሮውን ጠረገ፤ እማማ ግን ቀደሙት፦ «አዪ ልጄ፣ እኔ ለገንዘብ ብዬ መሰለህ? ዛሬ ነገ የምትሞት አሮጊት ገንዘብ ምን ያደርግላታል? ፊታችሁን ወድጄዋለሁ፤ እንዲያው ዝም ብላችሁ ግቡበት ብላችሁ ደስ ባለኝ ነበር።»

ይህን ስሰማ የኦሪት ዘፍጥረት 23ኛው ምዕራፍ ታወሰኝ። አብርሃም ሣራ በሞተችበት ጊዜ የመክፌላን ዋሻ ለመቃብር ይገዛ ዘንድ ወደ ኬጢያዊው ኤፍሮን ሄደ፤ ኤፍሮንም በሕዝቡ ሁሉ ፊት ዋሻውንም እርሻውንም በነጻ ሊሰጠው ተናገረ፤ አብርሃም ሰግዶ በዋጋ ካልሆነ አልወስድም አለ፤ ያን ጊዜ ኤፍሮን ዋጋውን ነገሩን አቅልሎ በመሐል ጣል አደረገው፤ 400 ሰቅል ብር። ሰው ሬሳው ቤት ተቀምጦ አይከራከርምና አብርሃም ሚዛን አምጥቶ መዘነለት። ተርጓሚዎች ስለ አብርሃም ትሕትና ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ ኤፍሮን ብልሃት ግን የሚገባውን ያህል አልተጻፈለትም።

«ልጆቼ ግን ይቆጡኛል» ብለው ቀጠሉ እማማ፣ ጀበናውን ከረከቦቱ እያስተካከሉ። «እስቲ ስድስት ሚሊዮን ምን አላት? በእናንተና በእኔ መካከል ስድስት ሚሊዮን ምንድን ናት?»

ደነገጥሁ፤ የደነገጥሁት በዋጋው ብቻ አልነበረም፤ እማማ ፊደል ሳይቆጥሩ የኤፍሮንን ቃል ከየት እንዳመጡት ስላልገባኝ ነው። እኔ አብርሃምን መሆን በተገባኝ ነበር፤ ዳሩ ግን ሣራ በሕይወት አጠገቤ ተቀምጣለች። «እማማ» አለች፣ «እኛም ፊትዎን ወደነዋል። 171 ካሬ ነው የለካሁት፤ በአራት እንጨርስ።» እማማ ሳቁ፤ ስኒ ጨመሩ፤ አምስት ተኩል አሉ። ደላላው አራት ከሩብ ሲባል ያዝናል፣ አምስት ሲባል ይፈካል፤ ፊቱን እያየን ዋጋውን መከተል ይቻል ነበር። የሊዙ ነገር ተነሣ፤ በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ መሠረት ነባር ይዞታ በውርስ ካልሆነ በቀር ወደ ሌላ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥርዓት እንደሚገባ እኔ አስረዳሁ፤ እማማም፣ «እንግዲያው ልጅ አድርጌህ ላውርስህ፤ ዋጋው ያው ነው» አሉኝ።

በዚህ መካከል እማማ ድንገት ስኒያቸውን አስቀምጠው ወደ ጓሮው በር ተመለከቱና፣ «ጌሾዬን ግን አልሸጥም» አሉ። «እናቴ የተከለችው ነው። ለሚካኤል ጠላ የምጠምቀው ከእርሱ ነው፤ የትም ብሄድ እየመጣሁ እሸመጥጣለሁ።»

ደላላው እንደ ዋዛ ሊያልፈው ፈልጎ ነበር፤ እኔ ግን አላሳለፍሁትም። በመክፌላው ሽያጭ በእርሻው ያለው ዛፍ ሁሉ ከነመሬቱ ለአብርሃም መጽናቱ ተጽፏል። ከዚህም በላይ፣ ከዚያ ግቢ ውስጥ ካለው ሁሉ ያለ አንዳች ተውኔት፣ ያለ ጭቃ ቤትና ያለ ምስክር ዘይቤ፣ ሕግ በግልጥ ይሸጥ ብሎ የፈቀደው ሰው የተከለው ዛፍ ብቻ ነበር፤ እማማም አይሸጥም የተባለውን መሬት በስድስት ሚሊዮን አቅርበው፣ ይሸጥ የተባለውን ጌሾ ግን በምንም ዋጋ አልሰጥም አሉ። ይህን በትሕትና ባስረዳኋቸው ጊዜ «ሕጉ ጠላ ይጠጣል?» ብለው ጠየቁኝ።

የቤቴ እመቤት ነገሩን እንዲህ ቋጨችው፦ ጌሾው የእማማ ይሆናል፤ በዓመት ለሚካኤል መጥተው ይሸመጥጣሉ፤ ከሚጠመቀው ጠላ ግን አንድ ማሰሮ ለባለ ግቢዎቹ ይደርሳል። እማማ ተስማሙ፤ በመሐላ አጸኑት። በመሬቱ ዋጋ እስካሁን አልተስማማንም፤ እማማ ከአምስት ሚሊዮን፣ እኛም ከአራት ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ ፈቀቅ አላልንም፤ ልጃችን ከዳላስ በየሳምንቱ እየደወለች «ገዛችሁ?» ትለናለች። ጌሾው ግን ተፈጽሟል፤ ደላላውም ሦስተኛውን ስኒ ጨርሶ ሲነሣ፣ ከጠላው ከሁለታችንም ወገን 2 በመቶ እንዲደርሰው በምስክር ፊት አስነገረ።